ከጋሼ ደብተር እስከ መድኃኒት መስኮቱ፦ የአንድ ጤና ጣቢያ የወረፋ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

የምሠራው ከቃሊቲ ወዲያ፣ በቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ፣ ኮንዶሚኒየሙ አልቆ ማሳው በሚጀምርበት አካባቢ ካሉ ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ነው። ነርስ ነኝ። ዘንድሮ ደግሞ "የጥራት ተጠሪ ነሽ" ተብያለሁ። ደመወዝ አልተጨመረም። የአስተያየት መስጫው ሳጥን ቁልፍ ግን ተሰጥቶኛል።

ዛሬ ከፈትኩት። የአብዛኞቹ ወረቀቶች ነገር አንድ ነው፦ ወረፋ። "ቀኑን ሙሉ አዋላችሁን።" "ዶክተር ይጨመርልን።" አንዱ ደግሞ "አልጋ ዘርጉልን፣ እዚሁ እንደር" ብሏል። ሳቅኩ። ከዚያ አፈርኩ።

ኃላፊያችን "ባለሙያ ይጨመርልን ብለን እንጻፍ" አሉ። ጻፍን። በየዓመቱ እንጽፋለን። መልሱ እስኪመጣ ድረስ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ አስፈቀድኩ። አንድ ሥልጠና ላይ ያየሁት ነው፤ የታካሚ ጉዞ ካርታ ይሉታል። እኛ ጤና ጣቢያውን የምናየው በክፍል በክፍሉ ነው፦ ካርድ ክፍል፣ ትሪያጅ (ታካሚው መጀመሪያ ታይቶ የሚለይበት)፣ ኦፒዲ (የተመላላሽ ሕክምና ክፍል)፣ ላቦራቶሪ፣ ገንዘብ ቤት፣ ፋርማሲ። ለታካሚው ግን ይሄ ሁሉ አንድ ቀን ነው። ያንን አንድ ቀን ወረቀት ላይ ማውጣት ነው ሥራው። የት ቆመ? የት ተቀመጠ? ስንት ደቂቃ? ምን ተባለ? ምን ፈራ?

ዕቃው፦ ከሱቅ የተገዛ 4 ሜትር ቡናማ መጠቅለያ ወረቀት፣ 2 ማርከር፣ የቁስል ፕላስተር። ኮሪደራችን ላይ የሥራ ቦታን ለማደራጀት የተሰቀለ አንድ የካይዘን ሰሌዳ አለ። "5ቱ ማዎች" የሚለው ርዕስ ብቻ ቀርቶበት ባዶውን ተንጠልጥሏል። ወረቀቱን እሱ ላይ ለጠፍኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ቢሮ ቁጭ ብዬ ካርታውን ሠራሁ። 6 ሳጥን፣ 5 ቀስት። አማረልኝ። (ይህችን መስመር የጨመርኩት ቆይቼ ነው፦ ካርታው ከሞላ ጎደል ውሸት ነበር።)

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ከነገ ጀምሮ ከታካሚ ጋር እውላለሁ። ለራሴ ሕግ አወጣሁ። አስፈቅዳለሁ። ስም አልጽፍም። ጋዋን አልለብስም። ወረፋ አላስቀድምም፤ አይቼ ዝም እላለሁ። የመጨረሻው እንደሚከብደኝ አውቃለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሩ ዝግ ነው፤ ደጁ ግን በሰው ሞልቷል። ጋቢ የተከናነበ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ግንቡን ተደግፎ የቆመ።

ጥበቃችን ጋሼ በባትሪ መብራት ደብተር ላይ ስም ይጽፋሉ።

"ምንድን ነው ጋሼ?"

"ወረፋ ነዋ! ካልጻፍኩ ይጣሉብኛል።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ኧረ ሦስት ዓመት አለፈው።"

ሦስት ዓመት! የጤና ጣቢያው የመጀመሪያ መስኮት በር ላይ ኖሯል፤ ውስጥ ያለን ሰዎች አናውቅም። ይባስ ብሎ 2:30 ላይ የካርድ ክፍሉ ሲከፈት ደብተሩን የሚጠይቅ የለም። በሩ ተከፈተ፣ ሰው ሮጠ፣ ጉልበት ያለው ቀደመ። አብሬያቸው የዋልኩት እማማ ደብተሩ ላይ 7ኛ ነበሩ። መስኮቱ ጋ 20ኛ ሆኑ። "ለምን ይጻፋሉ ታዲያ?" አልኳቸው። "ልማድ ነው ልጄ። ደግሞ ጋሼን ላለማስቀየም" አሉኝ።

እማማ የስኳር ታካሚ ናቸው። ለክትትል ነው የመጡት። ከማሳው ማዶ ካለ መንደር 40 ደቂቃ በእግር፣ ከዚያ በባጃጅ።

የቀናቸው ሰዓት እነሆ። 12:40 ጋሼ ጻፏቸው። 2:30 መስኮቱ ተከፈተ። 3:20 ካርዳቸው ተገኘ። 3:55 ትሪያጅ ተጠሩ። ስማቸውን ሲሰሙ እንዳያመልጣቸው እየተሯሯጡ ገቡ፤ ወዲያው ግፊት ተለካ፤ ከፍ አለ፤ "ጨው ይቀንሱ" ተባሉ። ግፊት የሚለካ ሰው አስቀድሞ ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጦ ማረፍ አለበት። ይህን ለተማሪ ነርሶች የማስተምረው እኔ ነኝ። ከሦስት ሰዓት በላይ ያስጠበቅናቸውን ሴት ለ5 ደቂቃ አላሳረፍናቸውም።

ከዚያ ኦፒዲ በር ላይ ተቀመጡ። 4:45 ላይ ጭንቅላታቸው ዘንበል አለ። እንቅልፍ መሰለኝ፤ ከሌሊት ጀምሮ ነው የነቁት። አጠገባቸው ያሉትም "ተዉአቸው ይረፉ" አሉ። ግንባራቸውን ሳይ ግን ላብ ነው። በዚያ ብርድ! እጃቸውን ያዝኩት፤ ቀዝቅዞ ይንቀጠቀጣል። ሕጌንም ወረቀቴንም እዚያው ጣልኩ።

ስኳራቸው 54 ነበር። ከ70 ሲወርድ አደጋ ነው። ደግነቱ መዋጥ ይችሉ ነበር፤ ስኳር በውኃ በጥብጠን ሰጠናቸው። 15 ደቂቃ ጠብቀን ደግመን ለካን። ወጣ። ነፍሳቸው መለስ ሲል ያሉኝ "ዳቧችሁን ልክፈል" ነው፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ምሳ የተቆረሰችውን ዳቦ።

በኋላ ጠየቅኳቸው። እራት የበሉት ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ጠዋት ምንም አልቀመሱም፤ "ለምርመራ ስትመጪ እንዳትበዪ" ተብለዋል። የጠዋቷን ክኒን ግን ውጠዋታል፤ "መድኃኒት እንዳታቋርጪ" ተብለዋል። ክኒኗ ግሊቤንክላሚድ ናት። ቆሽት ኢንሱሊን እንዲያመነጭ የምትገፋ መድኃኒት ናት፤ ሰውየው ይብላ አይብላ አትጠይቅም። ሁለቱም ትእዛዝ የወጣው ከእኛው ቤት ነው። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ ሰው። ለየብቻ ሲታዩ ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ሌላም አለ። ለጾም የስኳር ምርመራ 8 ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ይበቃል። እማማ ግን ወደ 16 ሰዓት ተጠግተው፣ ገና ላቦራቶሪውን አላዩትም ነበር። ትርፉን 8 ሰዓት ያስጾምናቸው እኛ ነን።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

የጥቅምት 4ቱን ቆንጆ ካርታ ገልብጬ ጀርባው ላይ እንደገና ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሳጥን "ቤት" ነው፤ ክኒኗ ያለችበት። ሁለተኛው "መንገድ"። ሦስተኛው "የጋሼ ደብተር"። ካርድ ክፍል 4ኛ ሆነ። ከእያንዳንዱ ሥር ሦስት መስመር አለ፦ ምን አደረጉ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን አሉ። የሰውን ስሜት እኔ ገምቼ አልጽፍም፤ የተናገሩትን ብቻ ነው የማሰፍረው።

የዛሬዋ ወጣት እናት ናት። የሚያስለው ልጇን ይዛ ከኮንዶሚኒየሙ መጣች። ብዙም አልቆየችም። ግን 50 ደቂቃ የተቀመጠችው ከሁለት ሳምንት በላይ ካሳላቸው አንድ አዛውንት ጎን ነው፤ መስኮቱም ዝግ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ መመርመር አለበት። ለዚህ ካርታ አያስፈልግም። ወዲያው የሚያስሉ ሰዎች አግዳሚ ወደ በረንዳው ወጣ፤ መስኮቱም ተከፈተ። በረንዳው ይበርዳል ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

የቀን ሠራተኛ ነው፤ የግንባታ። አንድ ቀን ከቀረ የዚያ ቀን ገንዘብ የለም። ገንዘብ ቤት ሦስት ጊዜ መሰለፍ ነበረበት፦ ለካርድ፣ ለላቦራቶሪ፣ ለመድኃኒት። ሁለቱን ተሰለፈ። ሦስተኛው ጋ አልደረሰም።

ኢኤስአር የሚባል የደም ምርመራ ታዞለት ነበር። ደሙ ቀጭን ቱቦ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቀይ የደም ሕዋሳቱ በ1 ሰዓት ውስጥ ስንት ሚሊሜትር እንደ ወረዱ ይነበባል። ምርመራው ራሱ ሰዓቱ ነው። ላብ ቴክኒሺያኑ ቢሮጥም፣ ቢጨመርም፣ ቢገሠጽም 1 ሰዓት 1 ሰዓት ነው። ይህን ለልጁ የነገረው የለም። "ጠብቅ፣ ትጠራለህ" ብቻ ተባለ። ከእሱ በኋላ የገቡ ሰዎች ውጤት ይዘው ሲወጡ አየ። የእነሱ ሰገራና ሽንት ነው፤ እሱ ምን ያውቃል? 40ኛው ደቂቃ ላይ ተነሣ።

"ረስተውኛል፤ ወይ ሰው ያለው ነው የሚስተናገደው" አለኝ።

ሄደ። 20 ደቂቃ ቀርቶት፣ የከፈለበትን ውጤት ጥሎ። ሕጌን ጠብቄ ዝም አልኩ። ማታ ሳስበው ቆጨኝ። ማክሰኞ ጥሼው የለ?

በ1985 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ማይስተር የተባለ የአስተዳደር ምሁር ስለ ወረፋ የጻፈው አለ፦ ልኩ ያልታወቀ ቆይታ ልኩ ከታወቀው ይረዝማል፣ ምክንያቱ ያልተነገረ ምክንያቱ ከተነገረው ይረዝማል፣ ተራ የተጣሰበት ደግሞ ተራ ከተጠበቀበት ይረዝማል። የእኛ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሦስቱንም ቀመሰ። በነገራችን ላይ አማርኛችን "ጥበቃ" የሚለው ቁጭ ብሎ መዋሉንም፣ በር ላይ የሚቆመውንም ሰው ነው። እኛ ቤት ሁለቱ አንድ ሥራ ሆነዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ከገጠሩ ወገን የመጡ አባት። አማርኛ እምብዛም አይሰሙም። ስማቸው ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ጠሪዋ የአባታቸውን ስም አጣማ ጠራችው፣ አላወቁትም። ካርዳቸው ከክምሩ ሥር ገባ። 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ያገኛቸው አፋን ኦሮሞ የሚችለው የፋርማሲው ልጅ ነው፤ ለሻይ ሲወጣ። ካርታው ላይ የጻፍኩት የእሳቸውን ቃል ነው፤ "ሁሉም ሰው ሲነሣ እነሣለሁ፣ ሲቀመጥ እቀመጣለሁ።"

ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ስብሰባ። ካርታውን በሠራተኛው ፊት ዘረጋሁት። ልክ አልነበርኩም፤ ቀድሜ ለየክፍሉ ማሳየት ነበረብኝ።

"ይሄ ክስ ነው እንጂ ካርታ አይደለም" አለች የትሪያጇ ሲስተር። የካርድ ክፍሉ ልጅ ካርዱ በ50 ደቂቃ የተገኘበትን ሳጥን አይቶ ፊቱ ቀላ። ከዚያ ተነሥቶ ተናገረ፤ የዕለቱ ቁም ነገር እሱ ነው።

"ካርዱ መደርደሪያ ላይ ካለ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። የለም እኮ! ኦፒዲ ክፍሎች ውስጥ ያድራል። ላብ ያድራል። አንዱን ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ነው ያገኘሁት። ታካሚው የሚያየው እኔን ነው፤ የሚሰድበውም እኔን።"

ጸጥ አለ። ኦፒዲ ያሉት ጤና መኮንኖች መሬት መሬት አዩ።

በ1984 እ.ኤ.አ. ሊን ሾስታክ የተባለች ሴት ስለ አገልግሎት አሰጣጥ ስትጽፍ በሥዕሉ መሐል አንድ መስመር አስምራ ነበር። ከላይ ደንበኛው የሚያየው፣ ከታች የማያየው። እኔ ከመስመሩ በላይ ያለውን ብቻ ነበር የሣልኩት። እዚያው ማርከሩን ለልጁ ሰጠሁት። ከታች አንድ ሜትር ያህል ሞላው። የጠፋ ካርድ፣ ያለቀ ፎርም፣ መብራት ሲጠፋ በስልክ መብራት መፈለግ። የትሪያጇ ሲስተርም በኋላ መጥታ "አንድ የግፊት መለኪያ ለሦስት ክፍል" ብላ ጻፈችበት፤ ከሥሩም ሁለቴ አሰመረችበት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

የተስማማንበት፦ ከሥራ መውጫ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት እያንዳንዱ ክፍል ካርዱን ይመልሳል። የስኳር ክትትል ያለው ሰው ካርዱ እስኪገኝ አይጠብቅም፤ በሩ እንደ ተከፈተ ትሪያጅ ላይ ከጣቱ ደም ይሰጣል፣ ከዚያ ይበላል። ቀጠሮ ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፦ "የጠዋቱን የስኳር ክኒን ይዘው ይምጡ፤ የሚዋጠው ከምርመራ በኋላ ከቁርስ ጋር ነው።" ማንበብ ለማይችል በቃል ይነገራል፤ መልሶም እንዲናገር ይጠየቃል።

ላቦራቶሪው መስኮቱ ላይ የየምርመራውን ሰዓት ለጠፈ፣ በሁለቱም ቋንቋ። ኢኤስአር፦ 1 ሰዓት።

የገንዘብ ቤቱ ነገር አልተቻለም። ለእያንዳንዱ አገልግሎት የየራሱ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ኦዲት አለበት። አንዴ ከፍሎ መጨረስ የሚባለው ለጊዜው ሕልም ነው። በስልክ ክፍያ እናስጀምር ተባለ፤ በተጀመረ በሁለተኛው ሰዓት ኔትወርክ ሄደ።

ለወረፋው ደግሞ እኔ ብልጥ ሆኜ ከካርቶን 100 ቁጥር ቆርጬ አዘጋጀሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21

ካርቶኑ ከሸፈ። 14 እና 31 ቁጥር ቤት ሄደዋል። ሕፃናት 9 ቁጥርን በልተውታል፤ ቃል በቃል። ሁለት ሰው 22 ቁጥር ይዞ መጣ፤ አንዱ የማን የእጅ ሥራ እንደሆነ አልታወቀም። ጠብ ተነሣ። ጋሼ ገላገሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ "ደብተሬ ምን ጎደላት?" አሉኝ።

ምንም አልጎደላትም። የጎደለው የእኛ ማክበር ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ከዛሬ ጀምሮ የጋሼ ደብተር ሕጋዊ ነው። ማኅተም መታንበት። ጋሼ ማኅተሙን አይተው ለአምስት ደቂቃ ያህል አልተናገሩም። 2:30 ላይ ደብተሩ ወደ ካርድ ክፍሉ ይገባል፤ በሱ ቅደም ተከተል ይጠራል። በጽኑ የታመመ ከመጣ ግን ደብተር አያግደውም፤ ለዚህ ጋሼን አሠልጥነናል። ትንፋሽ ያጠረው፣ ራሱን የሳተ፣ የሚደማ፣ ምጥ የያዛት፣ ጡት መያዝ ያቃተው ሕፃን፤ እነዚህን ሲያዩ አይጽፉም፣ ይጮኻሉ።

አንድ ሒሳብም አስተማርኳቸው። ጆን ሊትል የተባለ ሰው በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው ነው፤ እኛ ግን በጣት ነው የቆጠርነው። ደጅ ላይ 40 ሰው አለ እንበል። ክፍሎቹ በሰዓት 20 ሰው ይጨርሳሉ። አሁን የመጣ ሰው 2 ሰዓት ገደማ ይጠብቃል። ጋሼ ወዲያው ገባቸው። "ባቡር ላይ እንደ መቁጠር ነው" አሉ፤ እንዴት እንደሆነ አላስረዱኝም።

ረፋዱ ላይ ለአንዲት ሴት "አሁን ከመጡ ከ5 ሰዓት በፊት አይገቡም፤ ልጁን ቤት አድርሰው ይመለሱ" ሲሉ ሰማሁ። ሄደች። ተመለሰች። ተራዋ አልተነካም። የቆየችው ያው ነው፤ ግን እዚህ አግዳሚ ላይ አልነበረም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

እማማ መጡ። ክኒናቸውን በመሐረብ ቋጥረው፣ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ይዘው። 2:40 ላይ ከጣታቸው ደም ተወሰደ። 2:50 ላይ ቁርሳቸውን እየበሉ፣ ክኒኗንም ዋጡ። ግፊታቸው አርፈው ተለካ፤ ካለፈው ወረደ። ጨው አልቀነሱም ነበር።

ፋርማሲ ጋ ግን ደግሞ ገንዘብ ቤት፣ ደግሞ ሰልፍ። የወጡት 5:40 ነው። ያለፈው ጊዜ ከምሳ በኋላ ነበር።

"ዛሬ እንዴት ነበር?" አልኳቸው፤ ምስጋና እየጠበቅኩ።

"ደህና ነው። ብቻ ድሮ ቁጭ ብለን እንጨዋወት ነበር። ያቺ የአቃቂዋ ሴትዮ ዛሬ ቀድማኝ ሄደች፤ የልጇን ሠርግ ሳትጨርስልኝ።"

ይህን ካርታው ላይ የት እንደምጽፈው አላውቅም። ለጊዜው ዳር ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ለኃላፊያችን አንድ ሐሳብ አቀረብኩ፦ የስኳርና የግፊት ክትትል ያላቸውን በአንድ ቀን፣ በአንድ ክፍል ብናደርጋቸውስ? አብረው ይማራሉ፣ አብረውም ይጨዋወታሉ። "እናስብበት" ተባልኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ዓርብ ኅዳር ሚካኤል ነበር። ሰፈሩ እንደ ወጉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ኅዳር ሲታጠን የሚባለው ልማድ ብዙዎች ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ያያይዙታል፤ ያኔ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባንም ጨርሷት ነበር። በሽታን ለማባረር የተጀመረው ጭስ ዛሬ አስም ያለበትን ሁሉ ወደ እኛ ሰደደው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ደብተሩ 70 አልፏል። መብራት የለም።

ጋሼ ሦስት ጊዜ ጮኹ፤ ሦስቱም ትንፋሽ ያጠራቸው ነበሩ፣ ሦስቱም በቀጥታ ገቡ። የቀረው ሰው አልተጣላም። ረጅም ነበር፤ በጣም ረጅም። ሁለት ካርድ አሁንም መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። በረንዳው ላይ የሚያስሉት ሰዎች ብርድ ልብስ ይዘው መምጣት ጀምረዋል፤ የፕላስቲክ መጋረጃ ዋጋ ጠይቄያለሁ።

ማታ ልወጣ ስል ጋሼ በር ላይ አስቆሙኝ።

"ሲስተር፣ ደብተሩ አልቋል። ነገ ስትመጪ ይዘሽ ነይ። ባለ 50 ሉኩን እንዳትገዢ ታዲያ፤ ባለ 100ውን።"